የክላይቭ የቀኝ ስፒከር

ባሌ ክላይቭ የቀኙ ስፒከር ደነዘዘ ያለኝ ቀን፣ እኔ ከወጥ ቤት ሆኜ እየጠራሁት ነበር። ሻይህ ቀዘቀዘ እያልኩ ደጋግሜ ጠራሁት። ወጥ ቤታችን ክላይቭ ዘፈን ከሚሰማበት ወንበር በስተቀኝ ነው፤ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ የዘፈን ሸክላውም አልቆ ቤቱ ጸጥ ብሏል። ወይ ፍንክች! ሄጄ ፊቱ ድቅን ስል ቀና ብሎ አየኝና፣ «ሎሬል፣ ይሄን የቀኙን ስፒከር ምን ነካው? ድንዝዝ ብሎብኛል» አለኝ።

ክው አልኩ። የደነዘዘው ስፒከሩ ነው ወይስ ጆሮው? 

ክላይቭ ዕድሜውን ሙሉ ብሪዝበን ውስጥ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ነው ጡረታ የወጣው። የሞተር ጩኸት፣ የተማሪ ጩኸት፣ የሰካራም ስድብ ጠግቧል። እኩዮቹ ጡረታ ሲወጡ ጀልባ ገዙ። የኔው ጉድ ቁመታቸው ከኔ የሚበልጥ ሁለት ስፒከር ገዝቶ ሳንድጌት፣ ባሕሩ ዳር ወዳለው ቤታችን ይዞ መጣ። ኤሌክትሮስታቲክ ይባላሉ። ሳጥን የላቸውም። በሁለት የተበሳሱ ብረቶች መሃል ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ፕላስቲክ ተወጥሯል፤ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ እየተርገበገበ የሚዘፍነው እሱ ነው። ግድግዳ አጠገብ ማስጠጋት ክልክል ስለሆነ ሳሎኔ መሃል ተገትረው ይውላሉ። መጀመሪያ ቀን ሳያቸው፣ «እነዚህን በሮች ከማን ቤት ነቅለህ ነው?» ብዬዋለሁ።

እውነቱን ልናገር፣ አንዲት ዘፋኝ ስትዘፍን ግን ሳሎኔ ውስጥ የቆመች ነው የሚመስለው። ትንፋሿን ስትስብ ይሰማል። ታዲያ ይሄ ሁሉ ያለው አንድ ቦታ ላይ ለተቀመጠ ሰው ብቻ ነው። እዚያች ቦታ ላይ አንዲት ወንበር አለች። እግሮቿ የሚያርፉበት ምንጣፍ ላይ ክላይቭ በነጭ ፕላስተር ምልክት አድርጓል። ቤት ሳጸዳ ወንበሯን ትንሽ ከነካኋት አለቀልኝ! ለሁለተኛ ሰው የሚሆን ቦታ የለም። እኔ ዘፈን የምሰማው ወጥ ቤት ሆኜ ነው።

እነዚህን ስፒከሮች የገዛ ሰው ደግሞ አስተያየት አያልቅበትም። ማኅበር አላቸው፤ ቅዳሜ ከሰዓት በየተራ አንዱ ቤት ይሰበሰባሉ። ሊቀ መንበሩ ኔቪል፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲናገር ዓይኑን የሚጨፍን ሰውዬ፣ «ከሶኬት ፈጽሞ መነቀል የለባቸውም» ይላል። ዱጋል የሚባለው ወፍራሙ ቀልደኛ ደግሞ፣ «ዝናብ ሲመጣ ያልነቀለ ሰው እብድ ነው» ይላል። አንድ ጊዜ የዱጋል ስፒከር ውስጥ እንሽላሊት ገብታ ቀጭ ቀጭ ብላ ተቃጠለች። ዱጋል ማኅበሩ ፊት ቆሞ፣ «ነፍሷን ይማር፣ የመጨረሻ ጩኸቷ ግን እንዴት ጥርት ያለ ነበር መሰላችሁ!» ሲል ሁሉም በሳቅ ፈረሱ። ሚስቱ የተቃጠለ ሽታ ከመጋረጃዋ አልወጣ ብሏት ስታለቅስ የሰማት የለም።

ክላይቭ ስፒከሩን ማከም ጀመረ። አቧራውን ጠረገ። ገመድ ለወጠ። ድምፅ ከሚያጎላው አምፕሊፋየር ላይ የግራውን ሽቦ በቀኝ፣ የቀኙን በግራ አድርጎ ሞከረ፤ የደነዘዘው ያው ቀኙ ነው አለ። ወቅቱ ክረምት ይመስል ዝናብና ሙቀት የተደባለቀበት የግዛታችን የኩዊንስላንድ በጋ ስለነበር፣ እርጥበት ነው ብሎ እርጥበት የሚመጥ ማሽን ሳሎን ውስጥ ተከለ። ቀን ከሌት ያንጎራጉራል። አንድ ነገር ብቻ አልሞከረም። ሁለቱን ስፒከሮች ቦታ አለዋውጦ አላቆመም።

«የቀኙን ወደ ግራ ብትወስደው ጥፋቱ የቱ ጋ እንደሆነ አይለይም?» አልኩት።

«ወገቤን ያመኛል።»

«ወንድሜን ልጥራልህ፣ ያግዝህ።»

«ተይኝ እስቲ ሎሬል!»

ወገቤን አለኝ! ምንጣፍ ስር ጉንዳን ገባ ብሎ ሁለቱንም ስፒከር ብቻውን ተሸክሞ ያወጣ ሰው። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ፈርቷል። እናቱ የሞተችው ጭንቅላቷ ውስጥ በወጣ እጢ ነው፤ ሲጀምራት አንድ ጆሮዋን ነበር የደፈናት። ይህን በቤታችን አንስተነው አናውቅም። አሁን ግን በቀኙ በኩል በተናገርኩ ቁጥር ዝም ሲለኝ የእናቱ ፊት ይመጣብኛል። መንገድ ስንሻገር በቀኙ ሄጄ ክንዱን እይዘዋለሁ። መኪና መጣ ብዬ ብጮህ እንኳ ይሰማኝ አይሰማኝ አላውቅም።

አንድ ቀን ምሳ ላይ አልቻልኩም። «ነገ ሐኪም ቤት እንሂድ። ጆሮህን ይዩህ» አልኩት።

ሹካውን ወረወረው። «ስፒከሩ ነው አልኩሽ እኮ! ጆሮዬ ምንም አልሆነም! ቅዳሜ ማኅበሩ እኛ ቤት አይደል? እነሱ ሰምተው ይፍረዱ።»

«እሺ፣ ከነሱ አንድ ሰው እንኳ ቀኙ ደህና ነው ካለስ?»

ሹካውን ከመሬት አነሳ። «እንደዛ ካሉ እሄዳለሁ» አለኝ።

ቃሉን ያዝኩ። እስከ ቅዳሜ እንዴት እንደዋልኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ምንም ያልሆነን ስፒከር ደህና አይደለም የሚል ሰው አይኖርም ብዬ ተማመንኩ። እነዚህ ሰዎች የትንኝ ክንፍ እንሰማለን የሚሉ ናቸው እኮ!

ቅዳሜ መጡ። ዱጋል ቢራውን ታቅፎ፣ ኔቪል ሸክላውን በጨርቅ ጠቅልሎ። ግቢ ውስጥ ቋሊማ ጠበስን፣ በዳቦ በላን። ከዚያ እንደ ደንባቸው አንድ ሸክላ ተመረጠ፤ አንዲት ሴት በፒያኖና በቫዮሊን የምትዘፍንበት። አንዱ በተራው ወንበሯ ላይ ይቀመጣል፤ እስኪነሳ ማንም ትንፍሽ አይልም፤ ሲነሳ አስተያየቱን ይሰጣል። ክላይቭ ግን ገና ሳይጀምሩ፣ «የቀኙ ደንዝዟል፣ ምን ይመስላችኋል?» ብሎ ነገራቸው። ያን ጊዜ ነበር አፉን መያዝ የነበረብኝ።

ኔቪል ተቀመጠ። ዓይኑን ጨፈነ። ተነሳና፣ «አዎ። ፕላስቲኩ ረግቧል። ግልጽ ነው» አለ።

ዱጋል ተቀመጠ። «መጋረጃ የተጋረደበት ነው የሚመስለው። ያንተም ውስጥ እንሽላሊት ሳትሞት አልቀረችም ወዳጄ፤ ያንተዋ ግን ስትሞት እንኳ ዝምተኛ!»

ሌሎቹም ተራ በተራ ተቀመጡ፣ ተነሱ። አንዱ የባሕሩ ጨው ነው አለ፤ አንዱ ማጣበቂያው ነው አለ። ደህና ነው ያለ አንድም ሰው የለም! እኔ ከወንበሯ ኋላ ቆሜ በሁለት ጆሮዬ እሰማለሁ፤ ሁለቱም ስፒከር እኩል ጥርት ብለው ይዘፍናሉ። የክላይቭ ፊት እየፈካ ሄደ።  እየፈረዱለት መስሎታል፤ ለኔ ግን እየገደሉብኝ ነው።

ደሜ ፈላ። ሰዎቹን ገፋ ገፋ አድርጌ ገባሁና ወንበሯን ከምልክቷ ላይ አንስቼ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞርኳት። ምልክቱ ላይ መልሼ አስቀመጥኳት፤ ፊቷ ብቻ ነው የዞረው።

«ኧረ ሎሬል! ወንበሯን!» አለ ኔቪል፣ ሕፃን የጣልኩ ይመስል።

«አንተ ዝም በል። ክላይቭ፣ ና ተቀመጥ።»

«ጀርባዬን ሰጥቼ? ምን ሆነሻል?»

«ጀርባህን ስጣቸው። አሁን የቀኙ ስፒከር ያለው በግራህ ነው። ተበላሽቶ እንደሆነ በግራህ ደንዝዞ ይሰማሃል። ተቀመጥ፣ በናትህ።»

በናትህ ያልኩት ሳላስበው ነው። አየኝ። ተቀመጠ።

ሸክላውን ራሴ መለስኩት። ሴትዮዋ መዝፈን ጀመረች። እኔ ፊት ለፊቱ ግድግዳውን ተደግፌ ፊቱን አያለሁ። መጀመሪያ ግንባሩን ቋጠረ። ቀጥሎ ጭንቅላቱን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ አዘነበለ። ከዚያ ቀስ ብሎ እጁን አነሳና የግራ ጆሮውን ደፈነ። እንደዚያ ሆኖ ቆየ። ዘፈኑ እየሄደ ነው፤ እሱ ግን በቀኙ የሚጠብቀው ድምፅ አልመጣለትም። 

«የቱ ነው የደነዘዘው?» አልኩት።

በጣቱ ጠቆመ። የጠቆመው የግራውን ስፒከር ነው፤ ማንም ያልወቀሰውን፣ አሁን በቀኙ በኩል የሆነውን።

ዱጋል ቆቡን አወለቀ። ኔቪል ቀስ ብሎ፣ «እኔ ግን ሰምቼው ነበር እኮ» አለ። 

በዚያው ዕለት ሆስፒታል ወሰድኩት። ዱጋል ነው የነዳልን፤ መንገዱን ሙሉ አንድ ቀልድ አልወጣውም። ጭንቅላቱን በማሽን ፎቶ አነሱት። ውጤቱን የምትነግረን ሐኪም ወረቀቷን እስክትገልጥ የክላይቭን ክንድ ይዤ ጠበቅኩ። እጢ የለም አለች። ወንበሩ ላይ ሆኜ አለቀስኩ። ቀጠለችና የጆሮው ነርቭ በድንገት መጎዳቱን ነገረችን። እንዲህ ያለው ነገር በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቢደረስበት መድኃኒቱ የተሻለ ይሠራ እንደነበር፣ አሁንም እንደምትሞክር፣ ግን ተስፋ እንዳናበዛ። «መቼ ነው የጀመረህ?» ስትለው ክላይቭ መሬት መሬት አየ። ያን ሁሉ ጊዜ ገመድ ሲለውጥ ነበር።

መድኃኒቱን ጨረሰ። በቀኙ የተመለሰለት ትንሽ ነው፤ ሰው መናገሩን ያውቃል እንጂ ያለውን አይለይም። ሳሎን መግባት ተወ። ስፒከሮቹን ይሸጣቸዋል፣ እነሱን የሸጠ ቀን ራሱም ተከትሏቸው ይሞታል ብዬ ደግሞ በሌላ ፍርሃት ተያዝኩ።

አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ሳሎን ወለል ላይ ተንበርክኮ ነጩን ፕላስተር እየላጠ አገኘሁት። አለቀ፣ ሊሸጣቸው ነው አልኩ በልቤ። ተነስቶ ወጥ ቤት ገባና አንድ የምግብ ጠረጴዛ ወንበር ይዞ መጣ፤ ከወንበሯ በስተቀኝ አስቀመጠው።

«ተቀመጪ» አለኝ።

«እዚህ ድምፁ ልክ አይሆንም ትል አልነበር?»

ሰምቶኛል መሰለኝ፤ ወይ ደግሞ መልሱን ቀድሞ አዘጋጅቶታል። «ለኔም ከእንግዲህ ልክ አይሆንም። ቫዮሊኑ በቀኝ ነው የሚገባው። ሲገባ ንገሪኝ።»

ያችን ሸክላ አስቀመጠና አጠገቤ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀመጠ። ሴትዮዋ ዘፈነች። ፒያኖው አጀባት። ቫዮሊኑ ቀስ ብሎ ገባ፣ እንዴት ያምራል!

«ገባ» አልኩት።

ዓይኑን እንደጨፈነ፣ «ገና ነው?» አለኝ።

ወንበሬን አነሳሁ። በወንበሩ ኋላ ዞሬ በግራው በኩል አስቀመጥኩና ጆሮው ሥር ጠጋ አልኩ።

«ገብቷል፣ ክላይቭ» አልኩት።