ሁለት የቀኝ ጫማ

የመጀመሪያ ቀን የተሰጠኝ ሥራ በር ነበር። ሴንትራል ፓርክ የሚባል ሰፈር አጠገብ ያለ፣ የተኩስ ጌም የሚሠራ ትንሽ ድርጅት ጀማሪ አርቲስት አድርጎ ቀጥሮኝ ነው። አውሮራ ከተማ የተከራየሁትን አፓርትመንት በር በሜትር ለክቼ፣ በማግሥቱ ኮምፒውተር ላይ ልክ በልኩ ሠራሁት። ጌሙ ሲሞከር ተጫዋቹ በሩ ላይ ትከሻው ተቀርቅሮ ቀረ።

አለቃዬ ግሬግ ሳቁን ከጨረሰ በኋላ፣ የጌም በር ከእውነተኛው ሰፋ ካላለ ሰው እንደማያሳልፍ አስረዳኝ። ቀኑን ሙሉ በር ሳሰፋ ዋልኩ። እንዲህ ያለ ሥራ በዓለም ላይ መኖሩ ራሱ ያስቀኝ ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ሙሉ ሰፈር ለብቻዬ ተሰጠኝ፤ ጦርነት ሲመጣ ነዋሪዎቹ ጥለውት የሸሹት ሰፈር። ሥራው ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ቤቶቹ በባዶ ግራጫ ሳጥን ይቆማሉ፣ መንገዱ ይሞከራል፣ ከዚያ ግድግዳው ይቀባል፣ መብራት ይገባል፣ በመጨረሻ ዕቃው ይደረደራል። ቤቶቹን እዚያው አካባቢ ያለውን የሞንትቤሎን ሰፈር ቤቶች አስመሰልኳቸው። ስጨርስ በገዛ ሥራዬ ፍቅር ያዘኝ።

ጌሙን እየተጫወቱ የሚፈትኑት ሞካሪዎች ግን እየተኮሱ በሩጫ አለፉት። ቆም ብሎ ያየ አንድም ሰው የለም። ግሬግ እስከ ዓርብ ሰው የሚያቆም ነገር ካላገኘሁ ሰፈሩ ከጌሙ እንደሚወጣ ነገረኝ። ጌም ነክቶ የማያውቅ ሰው አምጥቼ እንድሞክርም መከረኝ።

አክስቴን እትዬ ዘነበችን አመጣኋቸው። በስደት መጥተው፣ ኤርፖርት ጽዳት ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው። ኮምፒውተሩ ፊት ሲቀመጡ መጀመሪያ የጠየቁኝ እስክሪኑ ላይ የያዙትን ጠመንጃ የት እንደሚያስቀምጡት ነው። አይቀመጥም ስላቸው፣ መሣሪያ ይዞ ሰው ቤት መግባት ነውር ነው ብለው አጉረመረሙ። የመጀመሪያው በር ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ቤቶች!» አሉ።

ቢሮው በሙሉ ዞረ። ሰዎቹ የት እንደሄዱ ጠየቁኝ። ሸሽተዋል አልኳቸው።

«ሸሽተው ነው እንዲህ አጽድተው የሄዱት?» አሉ። «እኔ ከቤት ስወጣ በጥድፊያ ሁለት የግራ ጫማ ነው ያደረግሁት። አንዱ የእኔ፣ አንዱ የእናትሽ። ያወቅሁት መንገድ ላይ ነው። የቀኞቹ እዚያው በር ላይ ቀሩ።»

ሳቃቸው አመለጣቸው። እኔም እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ።

በዚያኑ ዕለት ከመጀመሪያው በር ሥር ሁለት የቀኝ ጫማ አስቀመጥኩ። ዓርብ የመጀመሪያው ሞካሪ እየሮጠ አለፈው፣ ከዚያ ተመለሰ። በርከክ ብሎ አየና ሁለቱም የቀኝ ናቸው አለ፣ ለራሱ። ቀጥሎ ቤቱን ክፍል በክፍል ዞረው። ሁለተኛዋም፣ ሦስተኛውም እንደዚያው። ከወንበሬ ዘልዬ ግሬግን አቀፍኩት።

ሰፈሩ ጌሙ ውስጥ ቀረ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ቢሮው ውስጥ «ቤቶች» ሳይል የስብሰባ ክፍል የሚከፍት ጠፋ። ግሬግማ ሽንት ቤት ሲገባም ይላል።

እትዬ ዘነበች ውጤቱን ሊያዩ ተመልሰው መጡ። ጠመንጃቸውን እንደያዙ በሩ ላይ ደረሱ። እስክሪኑ ላይ አንዱን ጫማ በጣታቸው ነካ አደረጉት።

«የእናትሽ ቀይ ነበር» አሉኝ።

ቀይ አደረግሁት። እንደኔ ለጌም ቤት የምትሠሩ ሁሉ፣ ከግድግዳው በፊት «ቤቶች» ሲባል ማን ይመልስ እንደነበር እወቁ።