ጓንት ያደረገችው እመቤትና የእድራችን መዝገብ

የልጅ ልጄ ኮሌጅ ከገባች ወዲህ የቤት ሥራዋን የምትሠራው እኔ ምስር ከምለቅምበት ጠረጴዛ ላይ ነው። ክፍሏ ውስጥ የራሷ ጠረጴዛ አላት፤ እዚያ ግን የሚያዳምጣት የለም። አንድ ቀን አስተማሪዋ የድሮ ጋዜጣ ርዕሶችን አገላብጣ የሚያስቁትን እንድትመርጥ አዘዛት። ዘመኑ የዛሬ ዘጠና ዓመት ግድም፣ እዚሁ አሜሪካ ውስጥ ሥራ ጠፍቶ፣ ባንክ ተዘግቶ፣ ሰው ለአንድ ሳህን ሾርባ መንገድ ሙሉ የተሰለፈበት ነው። ከኮምፒውተሯ ላይ እያየች ወደ አማርኛ ትመልስልኛለች። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ እንግሊዝኛዬም ከሆቴል ወጥ ቤት የለቃቀምኩት ነው። ሰው ሲዋሽ ለማወቅ ግን አራተኛ ክፍል ይበቃል።

የመጀመሪያው ርዕስ አንድ የባንክ ባለቤት “ክፉው ቀን አልፏል” ማለቱን ያበስራል። ፊደሉ ጣት ያህላል።

“እሺ፣ አለፈ?” አልኳት።

ገጾቹን ገፋ ገፋ አድርጋ የዚያኑ ባንክ መዘጋት የሚናገረውን አገኘች። እሱ ደግሞ በደቃቅ ፊደል ከጫማ ማስታወቂያ ሥር ተወሽቋል። ባለቤቱስ? ሐኪም ዕረፍት አዞለት ባሕር ዳርቻ ሄዷል። ገንዘቡን የተበላው ሕዝብ በር ላይ ቆሞ ይውላል፣ የበላው ሰውዬ ይደክመዋል!

ሁለተኛው ባሰ። ሥራ ያጡ ሰዎች መናፈሻ ውስጥ ማደር ስለጀመሩ የከተማው ባለሥልጣናት ተጨንቀዋል ይላል። ደህና፣ ልብ ቢኖራቸው ነው ብዬ ነበር። የተጨነቁት ለካ ለሣሩ ነው። ሣሩ ተረገጠ!

“ሰዎቹስ ምን ሆኑ?”

“አይ ዶንት ኖው፣ እማዬ። ስለ ሣሩ ብቻ ነው የሚያወራው።”

ከዚያ ለቤት እመቤቶች የተሰጠ ምክር መጣ፤ ከእሁዱ ጥብስ በተረፈው ሥጋ የሳምንት እራት እንዴት እንደሚሠራ። ጥብሱ ከየት እንደሚመጣ ጋዜጣው አልነገራቸውም። ዶሮ ሰርቆ፣ ዶሮዋ ከስታ አጥንቷ የወጣ ሆና ቢያገኛት ጊዜ ወስዶ ለባለቤቷ የመለሰ ሌባም ነበረ። እሱ ብቻ አሳቀኝ። በዚያ ሁሉ ጋዜጣ ውስጥ የወሰደውን መለሰ ተብሎ የተጻፈለት እሱ ብቻ ነው።

የመጨረሻው ፎቶ ነበረው። “ደጓ እመቤት የተራቡትን መገበች” ይላል። ሴትየዋ እስከ ክርኗ ነጭ ጓንት አጥልቃ ጭልፋ ይዛለች፤ ፊቷ ወደ ካሜራው ነው።

“ሾርባውን ማን ሠራው?”

“አይልም።”

“ካሮቱን ማን ላጠ? ያንን የሚያህል ድስት ማን አጠበ?”

“እማዬ፣ ኢትስ ጀስት ኤ ሄድላይን፤ ርዕስ ብቻ ነው እኮ። ሪላክስ አድርጊ።”

ሪላክስ አላደረግኩም። ዳውንታውን ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ድስት ፈግፍጌአለሁ። ነጭ ጓንት ያደረገ ሰው ሾርባ ቀድቶ ሊሆን ይችላል፤ አልሠራም።

እኛ እንዲህ ስንባባል ስልኬ ጮኸ። የእድራችን ጸሐፊ በአባላቱ የስልክ ግሩፕ ማስታወቂያ ለቋል። “ለወገኑ ሐዘን ደንታ የሌለው አባል ከእድሩ ተሰረዘ” ይላል፤ ከሥሩ ስም አለ። ደንባችን ሦስት ለቅሶ በተከታታይ የቀረ አባል ይሰረዝ ይላል። ቀረ የሚባለው የለቅሶው አዳራሽ በር ላይ የተቀመጠው መዝገብ ውስጥ ያልፈረመ ነው።

ሰውዬውን አውቀዋለሁ። ዳውንታውን የመኪና ማቆሚያ ውስጥ የሚሠራ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ስቶን ማውንቴን የሚባል ሰፈር አንዲት አፓርታማ ውስጥ ብቻውን የሚኖር፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው። ዘመድ የለውም። ነገ አንድ ነገር ቢሆን አስከሬኑን አንስቶ አገሩ እናቱ ዘንድ የሚያደርስለት ያ እድር ብቻ ነው። ደግሞም አንድም ለቅሶ አልቀረም! የአዳራሹ ግቢ ጠባብ ነው፤ ውጭ የቆመ መኪና በጎታች መኪና፣ በቶው ይወሰዳል። ስለዚህ እሱ የሥራ ሰደርያውን ለብሶ፣ ማንም ሳያዘው፣ የሁላችንንም መኪና አንድ በአንድ እያስገባ ያቆማል። የመጨረሻዋን መኪና አስገብቶ ሲጨርስ መዝገቡ ተዘግቷል። እኔም ስንት ጊዜ በእጁ እየመራኝ ፓርክ አድርጌ፣ ገብቼ ፈርሜ ተቀምጫለሁ። ፈርመሃል ወይ ብዬ አልጠየቅኩትም።

ለጸሐፊው ደወልኩ።

“ይህን የጻፍከው አንተ ነህ?”

“እናታችን፣ እንደምን ዋሉ? ደንብ ነው እኮ። ሲጸድቅ እርስዎም እጅዎን አውጥተዋል።”

“ለቀረ ሰው ነው ያወጣሁት። ባለፈው ለቅሶ መኪናህን ማን አቆመልህ?”

“እሱ ነው። ግን አልፈረመም።”

“ታዲያ ሳይመጣ ነው ያቆመልህ?”

“እኔ የማየው መዝገቡን ነው፣ እናታችን። መዝገቡ ላይ ደግሞ የለም።”

“አንተም ጋዜጣ ሆነሃል!” ብዬ ዘጋሁበት። ምን እንዳልኩት አልገባውም፤ ግድ አልሰጠኝም።

ቀጥዬ ለሰውዬው ደወልኩ። “ይተዉት፣ እማማ” አለኝ። “እኔ ለፊርማ ብዬ አልመጣሁም። ሰው ፊት መከራከር አልወድም።”

“አንተ ዝም በል፤ መከራከሩን ለእኔ ተወው። እናትህ በር ላይ ቆማ የምትጠብቅ ቀን ዝምታህ አያደርስህም።”

እሁድ ስብሰባ ላይ ተነሣሁ። ንግግር አላውቅም። “በዚህ ሰው እጅ መኪናው ያልቆመለት አባል ካለ እጁን ያውጣ” አልኩ። ማንም አላወጣም። ከኋላ አንዱ “እኔ በኡበር ነው የምመጣው” አለና ቤቱን አሳቀው። ሰውዬው አንገቱን ደፍቶ የጫማውን ክር ያያል። ጸሐፊው መነጽሩን ጠረገ፣ ሊቀመንበሩ አሳለ፣ ስረዛው ተነሣ።

አለቀ ብዬ ቤቴ ገባሁ። ማታ ማስታወቂያው መጣ፤ “እድሩ ለአባሉ ይቅርታ አድርጎ መልሶታል” ይላል። እንደገና ደወልኩ።

“ይቅርታ ያደረገው ማን ነው? ለማን?”

“አባባል ነው፣ እናታችን። ያው ተመልሷል አይደል?”

“ያጠፋኸው አንተ፣ ይቅር የተባለው እሱ? ‘ተሳስተን ሰርዘን ነበር’ ብለህ ጻፍ። በዚያው በትልቁ ፊደል።”

“አሁን ሰዓቱ...”

“እጠብቃለሁ።”

ስልኩን ሳልዘጋ ጠበቅኩት። ሲጽፍ እስትንፋሱ ይሰማኝ ነበር። “ተሳስተን ሰርዘን ነበር፤ አባሉ በየለቅሶው ከሁላችን ቀድሞ ተገኝቷል” የሚለው ግሩፑ ላይ ሲወጣ ሁለት ጊዜ አንብቤ ነው ስልኩን የዘጋሁት።

በሚቀጥለው ለቅሶ ሊያከብሩት ብለው አስፈርመው ፊት ወንበር ላይ አስቀመጡት። ሩብ ሰዓት አልቆየም። ውጭ መኪና በመኪና ተቆላልፎ፣ ሊያጽናኑ የመጡት ቄስ መኪናቸው ውስጥ ቀርተው፣ የመኪናው ጥሩምባ ከለቅሶው በላይ ጮኸ። ሰውዬው ተነሥቶ ወጣ። ያን ቀን ዝናብ ነበር። አሁን ደንቡ ተለውጦ፣ ውጭ ያለ አባል የሚፈርመው ውጭ ሆኗል። በቀደም ለቅሶ ላይም ዘነበ፤ ጸሐፊው ራሱ መዝገቡን ይዞ ዝናቡ ውስጥ ሲወጣ በመስኮት አየሁት። ሰውዬው እጁን ሰደርያው ላይ ጠርጎ፣ የአንዲት መኪና ኮፈን ላይ ጎንበስ ብሎ ፈረመ። ውሃው በጀርባው ይወርዳል። ጸሐፊው ጃንጥላውን የዘረጋው ለመዝገቡ ነበር። ቀና ብሎ እስኪያየኝና ጃንጥላውን ወደ ሰውዬው እስኪያዞር ድረስ መስኮቱን ደበደብኩት።