ከኑሪያ የተማርኩት ጽሕፈት

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ሃና ወልቂጤ ቤቴ መጥታ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠችኝ። ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ኮምፒውተር ነው። የመመረቂያ ሥራዋም ኮምፒውተሩ የእጅ ጽሑፍ አይቶ "ይህን የጻፈው እገሌ ነው" እንዲል ማስተማር ነው። "አክስቴ፣ የመጣልሽን ጻፊ" አለችኝ። እስክሪብቶውን እንደያዝኩ የቡታጅራው ነገር ትዝ አለኝ።

ከጉንችሬ ቡታጅራ አጎቴ ዘንድ ስመጣ አማርኛዬ የተሰባበረ ነበር። ሰባተኛ ክፍል አጠገቤ የተቀመጠችው ኑሪያ ናት ያቃናችልኝ። ስትጽፍ እያየሁ እጽፋለሁ፤ በእረፍት ሰዓት የያዝኩትን ቆጮ በአይብ ለሁለት እንበላለን። በዓመቱ "ቀ"ዋም "ጠ"ዋም የእኔ ሆነው ቁጭ አሉ።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለን፣ ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ገና ጭቃውን ሳይለቅ፣ አንድ ጠዋት የትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ በከሰል "ርዕሰ መምህሩ ይነሱልን" ተብሎ ተጽፎ ተገኘ። ምክትል ርዕሰ መምህሩ የእጅ ጽሑፋችንን ሊያመሳክሩ ክፍል ለክፍል እየዞሩ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ አስጻፉን። ኑሪያ ስትጨርስ ጠመኔውን ከእጇ ወሰዱ።

"ይቺ ናት! ነገ አባትሽን ይዘሽ ነይ። ከእንግዲህ እዚህ አትማሪም።"

ኑሪያ አላለቀሰችም፤ ፊቷ ግን አመድ መሰለ። አባቷ ጋሽ ከድር የበርበሬ ነጋዴ ናቸው፤ አጠገባቸው ሲያልፉ ያስነጥሳል። ታላቅ እህቷን ከስምንተኛ ክፍል አስወጥተው ድረዋታል። ለእሷም ሽማግሌ የላከ ሰው እንዳለ ነግራኛለች።

ተራዬ ገና ነበር። ተነሣሁና ከጽሑፏ ሥር ያንኑ ጻፍኩ። ሁለቱን መስመሮች አንድ ሰው የጻፋቸው ይመስል ነበር።

"ታዲያ አንቺ ነሻ?" አሉኝ።

"አይደለሁም፤ እሷም አይደለችም። መጻፍ ያስተማረችኝ ግን እሷ ናት። መምህር፣ የትኛችንን ነው የሚያባርሩት?"

"ሁለታችሁንም!"

በማግስቱ አጎቴና ጋሽ ከድር ቢሮ ሲገቡ እኛ በረንዳው ላይ ቆመን እንሰማለን። ጋሽ ከድር ብዙ አልተናገሩም።

"ወላሂ፣ ጥፋተኛዋን ለዩልኝና እኔው ራሴ እቀጣታለሁ። ካልለያችሁ ግን ልጄን በጥርጣሬ ከትምህርት አላስወጣም።"

ምክትሉ መለየት አልቻሉም። ወደ ክፍላችን ተመለስን። ጋሽ ከድርም ከዚያ ወዲያ የሽማግሌዎቹን ነገር አላነሡትም። ኑሪያ ነርስ ሆና ስንቱን አዋለደች፤ ዘንድሮ ጡረታ ወጣች። ግድግዳው ላይ የጻፈው ማን እንደሆነ ዛሬም አናውቅም።

ይህን ለሃና ነገርኳት። ኑሪያም ጽፋ ፎቶውን በስልክ ላከችልን። ኮምፒውተሩ ወዲያው ለያየን፤ ለካ ፊደሎቻችን ቢመሳሰሉም የእኔ መስመር ወደ ላይ ይወጣል፣ የእሷ ቀጥ ይላል።

"ያኔ ቢኖር ኖሮ ማንም አይነካችሁም ነበር" አለች ሃና።

"ተሳስቶ አያውቅም?"

"አልፎ አልፎ ይሳሳታል።"

"ሲሳሳትስ?"

ሃና የሁለታችንን ጽሑፍ እንደገና አየች። ጎበዝ ልጅ ናት፣ ሥራዋም ያኮራኛል። እኔ የምመኘው ግን ኮምፒውተሩ የአንድ ሰው ስም በጠራ ቁጥር ያንን ሰው በቅርብ የሚያውቅ አጠገቡ እንዳይጠፋ ነው።