ከባላጋራው ጋር የሚመጣ ደንበኛ

ጥብቅና የጀመርኩት በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ አካባቢ ነው። የመጀመሪያ ቀን የለበስኩት ኮት የወንድሜ ስለነበር እጅጌው ጣቶቼን ሸፍኗቸዋል። ደብረ ማርቆስ፣ አውራጃ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ደንበኛ ስጠብቅ አንድ ሽማግሌ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና «ጠበቃው የት ሄዶ ነው አንተን ያቆመህ?» አሉኝ። የመጀመሪያ ደንበኛዬ እኚህ ሆኑ፤ ሮብ ገበያ ከሚባለው አገር የመጡት ግራዝማች አበረ።

ግራዝማች ከዘመዳቸው ከአያ ዓለሙ ጋር በአንድ የገብስ ማሳ ይሟገቱ ነበር። ማሳውን የያዙት ግራዝማች፣ ከሳሹ አያ ዓለሙ ናቸው። አውራጃው መጀመሪያ ለግራዝማች ቢፈርድላቸውም አያ ዓለሙ ይግባኝ አሉ። ይግባኝ ሰሚው የከሳሽ ምስክሮች አልተሰሙም ብሎ መዝገቡን ወደ አውራጃው መለሰው። አያ ዓለሙ ሌላ የረባ መሬት ስላልነበራቸው ተስፋቸው ሁሉ እነዚያ ምስክሮች ነበሩ። የእኔ ሥራ ደግሞ ምስክሮቹ አፋቸውን እንዳይከፍቱ ማድረግ ነው።

ተከሳሽ ወደ ዋናው ነገር ከመግባቱ በፊት የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ማቅረብ ይችላል። እኔ ያልተቃወምኩት የዳኛውን ጺም ብቻ ነው። ክሱ ጊዜው ስላለፈ በይርጋ ይታገዳል አልኩ፤ ሥልጣኑ የሌላ ፍርድ ቤት ነው አልኩ፤ የመልስ ማቅረቢያው ቀን በደረሰ ቁጥር ይራዘምልኝ አልኩ።

«አንተ ልጅ፣ ይህን ሁሉ ከይግባኙ በፊት ማን አፍህን ይዞህ ነው?» አሉኝ ዳኛው። ከይግባኙ በፊት ጠበቃ አልነበርኩም። ቢሆንም ቀጠሮ ሰጡኝ።

ቀጠሮው ሰኔ ላይ ዋለ። ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አድሮ ስለነበር፣ ወንዙ ሞልቶ አያ ዓለሙ ይቀራሉ ብዬ ደስ ብሎኝ ችሎት ገባሁ። ስም ሲጠራ አያ ዓለሙ የሉም። ብድግ አልኩ።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ከሳሽ ስላልቀረቡ መዝገቡ ይዘጋልኝ።»

ዳኛው ደግመው አስጠሩ። መልስ የለም። ብዕራቸውን ሲያነሡ በሩ ተበረገደና ግራዝማች እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው ገቡ።

«ይቆይልኝ ጌታዬ! ከሳሼ ውጭ በቅሎዬ ላይ ነው። ወንዝ ስንሻገር እግሩ ወልቆ ነው የዘገየነው። እባካችሁ የሚያወርደው ሰው ስጡኝ!»

ችሎቱ በሳቅ ተሞላ። እኔ በንዴት እንባዬ መጣ።

«ምነው ግራዝማች? ትንሽ ቢዘገዩ እኮ ረትተን ነበር!» አልኳቸው በጆሯቸው።

«ታዲያ ወንዝ ውስጥ ጥዬው ልምጣ?» አሉ ጮክ ብለው። «ትናንት ሚስቱ የቋጠረችለትን ስንቅ አብሬው በልቼ ዛሬ ባዶ ወንበር ልርታ? ምን ብዬስ አገሬ እገባለሁ?»

ለካ ሙግቱ ከተጀመረ ወዲህ ሁልጊዜ የሚመጡት አብረው ነው። ችሎት ፊት ሲናከሱ ይውላሉ፣ መንገድ ላይ ከአንድ አገልግል ይበላሉ። የሕግ መጽሐፌ ይህን አልነገረኝም።

ዳኛው ብዕሩን አስቀመጡ። መቃወሚያዎቼን አንድ ሳያስቀሩ ውድቅ አድርገው ምስክሮቹ እንዲሰሙ አዘዙ። ተሰሙ፤ ተረታን።

ፍርዱ በተነበበ ዕለት ግራዝማችን ቀና ብዬ ማየት አፈርኩ። እሳቸው የበቅሏቸውን መጫኛ እያጠበቁ «ይግባኝ ጻፍልኝ» አሉኝ። «ለዓለሙም ነግሬዋለሁ። የምንሄደው አብረን ነው፤ የስንቁ ተራ የእኔ ነው።»

ወጣት ጠበቆች፣ ባላጋራ በቀጠሮው ሲቀር ምን ይሻላል እያሉ ይጠይቁኛል። «በመጀመሪያ ደንበኛህ ከማን ጋር እንደሚመጣ ጠይቀው» እላቸዋለሁ።