ጓሳ የሚከፈትበት ዙር

በዚህ ካፖርቴ ገበር ውስጥ አንድ ባቄላ አለ። የቀኝ ኪሱ ተቀዷል፤ በቀዳዳው ሾልኮ ወርዶ ታች ጠርዙ ጋ ተቀምጧል። እጄን ኪሴ በከተትኩ ቁጥር በጨርቁ ላይ እዳብሰዋለሁ። ካፖርቱ ስንቴ ላውንደሪ ገብቶ ወጥቷል፣ እሱ ግን ንቅንቅ አላለም። ወታደር ነው። አትሳቅ፣ የምሬን ነው።

ትናንት ስብሰባ ላይ ስለምንሠራው ጌም ምን አልከኝ? «ንጉሡ ከወደቀ በኋላ ተጫዋቹ ለምን ሦስት ዙር ሙሉ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል? አንድ ይበቃዋል፣ ሰው ይሰለቻል።» እኔም ሰው ሁሉ ፊት ጮህኩብህ። መጮህ አልነበረብኝም። ግን ያንን ደንብ ያወጣሁት እኔ አይደለሁም፤ ያላወጣሁትን ደግሞ ማሳጠር አልችልም። እስቲ ቁጭ በልና ልንገርህ፣ ከዚያ የፈለግከውን ትላለህ።

አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርን፤ መንዝ ውስጥ፣ ከጓሳ በታች ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ። የኮምፒውተር መምህራችን ኢምፓየር የሚገነባበት ጌም የተጫነበት ላፕቶፕ ነበረው። ቅዳሜ ቅዳሜ ለሁለት ሰዓት ያህል ይለቅልን ነበር። መብራት ካልጠፋ ማለቴ ነው፤ መጥፋት ደግሞ ሥራው ነበር። ታዲያ ከክፍሉ ልጅ ሁሉ ጌሙን እስከ መጨረሻው የታገሥነው እኔና አንዲት ልጅ ብቻ ነበርን። ስሟን አልነግርህም፣ ባልንጀራዬ ነበረች። አንድ ቀን መንግሥት ለመለወጥ ቁልፉን ተጫንን። ንጉሡ ወረደ፣ ስክሪኑ ትንሽ ጨለም አለ፣ በሚቀጥለው ዙር ጉባኤ ተቀመጠ፣ እርሻውም ቀጠለ።

«ሞኝህን ፈልግ» አለችው ላፕቶፑን። ከዚያ ወደኔ ዞረች። «እንዲህ አይደለም መንግሥት የሚወድቀው። ና፣ የራሳችንን እንሥራ።»

ሠራን። ያለፈው ዓመት የግድግዳ ካላንደር ወስደን ጀርባው ላይ አገሩን ሣልንበት፦ መሐል ሜዳን፣ ሞላሌን፣ ግሼን፣ ወዲያ ማዶ ዓለም ከተማን፣ ከሁሉም በላይ ጓሳን። ገብስ ሕዝብ ሆነ፣ ባቄላ ወታደር ሆነ። ከአሮጌ ካፖርት የወለቀች ትልቅ ጥቁር ቁልፍ ነገሠች። እኔ ላጲስ ቆርጬ ባለ ስድስት ጎን ዕጣ ሠራሁ፣ በቢክ ነጠብጣብ አደረግኩበት። ጽሕፈቱም የኔ ሥራ ነበር፤ የሷ የእጅ ጽሑፍ ዶሮ የጫረው ነው የሚመስለው፣ የኔ ግን ፊደሉ ተለቅሞ የሚበላ ነበር። እዩኝ እዩኝ ይል ነበር እንኳ ብልህ አጋነንክ አትበለኝ።

የምንጫወተው እነሱ ቤት ደጃፍ ነበር፣ ከትምህርት በኋላ፣ ፀሐይዋ ግድግዳው ላይ ስትለጠፍ። እናቷ አጠገባችን ሆነው የበግ ጸጉር ይፈትላሉ፤ የእንዝርቱ ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ዝናብ ጥሎ ካባራ ደግሞ የርጥብ ጸጉርና የኩበት ጢስ ሽታ ግቢውን ይሞላዋል። አባቷ የጓሳ ጠባቂ ነበሩ፤ ጓሳ የአገሬው የጋራ የሣር ምድር ነው፣ ቀኑ እስኪደርስ ማንም አያጭደውም። ከላይ ሲወርዱ ድንጋይዋ ላይ አረፍ ብለው ዝም ብለው ያዩናል። ፊደል አልቆጠሩም፣ ግን ጨዋታው ገብቷቸው ነበር፤ ከኔ ይልቅ።

እኔ አብዮት በዕጣ እንዲሆን ነበር የፈለግኩት። ስድስት ከወጣ ንጉሡ ይወድቃል፣ አለቀ። እሷ እሺ አላለችም። አባቷን ጠየቀቻቸው።

«አባዬ፣ ጓሳ ያን ያህል ዓመት ሲዘጋ ሰው ለምን ዝም ይላል? ሣሩ እኮ ደጁ ነው።»

«የሚከፈትበትን ስለሚያውቅ ነዋ» አሉ። «ቤቱ ቢያፈስበትም ቀኑን ይቆጥራል። ሲከፈት ሁሉም ማጭዱን ይዞ ይወጣል፣ ያጭዳል፣ ቤቱን ይከድናል። ቀኑ ካልታወቀ ግን እኔም ጠባቂ አልሆን፣ ሰውም አይታገሥ።»

በቃ፣ ደንባችን ከዚያች ወጣ። ንጉሥ የፈለገውን መዝጋት ይችላል፦ ገበያ፣ መንገድ፣ ግጦሽ። ሲዘጋ ግን የሚከፍትበትን ዙር መጻፍ አለበት። ዙሩ ደርሶ ካልከፈተ ገብሶቹ አንድ አንድ እያሉ ወደ ካርታው ጠርዝ ይሄዳሉ፤ ግማሹ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ቁልፏ ትወድቃለች። ይኸው አሁን እኛ ቢሮ ውስጥ ሁላችሁም «ጎበዝ ነህ» የምትሉኝ ነገር የሳቸው ነው።

ባዶው ዙር ግን የሷ ነበር። ንጉሡ ከወደቀ በኋላ ሦስት ዙር ማንም አይገዛም፣ ማንም አያጭድም፤ በየዙሩ ከየአገሩ አንድ አንድ ገብስ ይነሣና ጣሳ ውስጥ ይጣላል። እኔ ቶሎ እንዲያልቅ አፍሼ ልገለብጣቸው ስል እጄን ትይዘኝ ነበር። አንድ በአንድ ነበር የምትጥላቸው። ጣሳው ባዶ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ ሲወድቁ ይጮሃሉ።

«ለምንድን ነው ሦስት የሆነው?» አልኳት።

«አንዱ ማን ይግዛ ሲባባሉ ነው። ሁለተኛው ሲፈራሩ። ሦስተኛው ደግሞ ዘሩን ስለበሉት።»

አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። እኔ እስከ ዛሬ ድረስ ከዚያ የተሻለ አላሰብኩም።

ሁለት ልማድ ነበረን። አንደኛ፣ እኔ ሳስብ ስዘገይ በጣቷ ካላንደሩን መታ መታ አድርጋ «ተራህ ነው» ትለኛለች። ሁለተኛ፣ ካርታውን አንድ ቀን እሷ ታሳድራለች፣ አንድ ቀን እኔ ይዤው ወደ ቤት እሄዳለሁ። ለዚያም «ተራህ ነው» ነበር የምትለው።

ያን ጊዜ አገሩ ከፍቶ ነበር። መንገድ ይዘጋል፣ ኔትወርክ ይጠፋል፣ ትምህርት ቤታችን አንድ ሳምንት ተከፍቶ ሁለት ሳምንት ይዘጋል። ሰው ሲንሾካሾክ ነበር የሚውለው። እኛ ግን የሰው ሁሉ ጭንቅ የጌም ሐሳብ ይሆነን ነበር። አሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

የመጨረሻው ቀን ንጉሥ እኔ ነበርኩ። ጓሳን ዘጋሁና በሚያምረው ጽሑፌ ካርታው ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ጓሳ እስከ ሰባተኛው ዙር ዝግ ነው። በሰባተኛው ሲከፈት ሁሉም ይወጣል። ካልተከፈተ መንግሥት ይወድቃል።» ሞላሌ ላይ «12 ወታደር» ብዬ ጻፍኩ። ከአሥራ ሁለቱ አንዱን ባቄላ ግን እሷ ውኃ ልትጠጣ ስትነሣ በዚሁ ካፖርት ኪስ ከትቼ ነበር፣ ኋላ በችግር ቀን ላወጣው። አዎ፣ አጭበርባሪ ነበርኩ። ሰባተኛው ዙር ሲደርስ ሣሩን ለራሴ ላቆየው ብዬ አልከፍትም አልኩ። ገብሶቿን ወደ ጠርዝ ገፋቻቸው። ቁልፌ ወደቀች። ባዶው ዙር ተጀመረና ጣሳው ሲጮህ ተናድጄ ተነሣሁ።

«ካርታውስ?» አለችኝ። «ተራህ ነው።»

«ሞኝሽን ፈልጊ» አልኳትና ሄድኩ።

ካርታው መደቡ ላይ አደረ። በማግሥቱ ጠዋት እናቷ የባላቸውን ቂጣ መጠቅለያ ሲፈልጉ የፊቱን ሥዕል አዩ፤ ሐይቅና ጀልባ ነው። አሮጌ ካላንደር ነው ብለው ጠቀለሉበት። አባቷ በኮሮጇቸው ከተው ጓሳ ወጡ።

እላይ ምን እንደሆነ የነገረን አብሯቸው የነበረው ሌላው ጠባቂ ነው። እረፋድ ላይ የታጠቁ ሰዎች አገኟቸው። የማን ወገን ነበሩ አትበለኝ፤ የዚያን ሰሞን ሁሉም ይፈትሽ ነበር። የአገሩ ሰዎች ግን አልነበሩም፣ ስለ ጓሳ ምንም አያውቁም። ቂጣውን ፈቱት። ወረቀቱን ገለበጡት። ካርታ አለ፣ የወታደር ቁጥር አለ፣ መንግሥት የሚወድቅበት ዙር አለ። አንዱ ጮክ ብሎ አነበበና ጠየቃቸው።

«ምንድን ነው የሚከፈተው?»

«ጓሳ ነዋ» አሉ።

«ማን ነው የሚከፍተው?»

«እኛው ነን፣ ከሽማግሌዎች ጋር።»

«ሲከፈት ሁሉም ይወጣል የሚለውስ?»

«ይወጣል እንጂ። ማጭድ ያለው ማጭዱን ይዞ ይወጣል። ያልወጣ ቀረበት።»

አየህ፣ አንድ ቃል አልዋሹም። እኛ አገር «ተከፈተ» ሲባል ሣር ነው። ለሰዎቹ ግን የሚከፈት ነገር ተኩስ ብቻ ነበር። ጠባቂው እንዳለው አባቷ ፈገግ ብለው ነው የመለሱት፤ እንግዶች ስለ ጓሳ ሲጠይቁ ደስ ይላቸው ነበርና። እጃቸውን የኋሊት ሲያስሯቸው እንኳ «ቀኑ ገና ነው እኮ» ይሉ ነበር አሉ።

እሷ በማግሥቱ ሰዎቹ ወዳሉበት ሄደች፣ ከእናቷ ጋር። ገብሱን፣ ባቄላውን፣ ቁልፏን፣ የላጲሱን ዕጣ በጣሳው ይዛ። ጨዋታ ነው፣ እኔ ነኝ የሠራሁት አለቻቸው። ወረቀት ሰጧትና «ጻፊ» አሏት። ጻፈች። ዶሮ የጫረው። ከካርታው ጋር አስተያዩት። ጽሑፉ የሷ እንዳልሆነ ሕፃን ልጅም ያውቃል። «ማን ነው የጻፈው?» አሏት። ስሜን አልጠራችም። ያለ ፈቃዱ ስሙን አልጠራም ብላ ነው እኮ! መጀመሪያ ልትጠይቀኝ መጣች።

እኩለ ቀን ላይ ነው በራችን የተንኳኳው። እናቴ ወጡ። እኔ ከበሩ ጀርባ ነበርኩ፣ በሁለት ክንድ ርቀት፣ ትንፋሿ ይሰማኛል፤ ሮጣ ነበር የመጣችው።

«እትዬ፣ አንዴ ይምጣና ይጻፍላቸው። አንድ መስመር ብቻ። ጽሑፉ ከገጠመ ጨዋታ መሆኑን ያምናሉ። አባቴን ይለቋቸዋል።»

እናቴ አንድ ልጃቸው ነኝ። አልፈርድባቸውም። «ደብረ ብርሃን ሄዷል፣ ትናንት» አሉ።

ጫማዬ ደጃፉ ላይ ነበር፣ ጭቃው እንኳ አልደረቀም። ያንን ጫማ ደግሞ ታውቀዋለች፤ ሌላ አልነበረኝም።

«በባዶ እግሩ ሄደ?» አለች ቀስ ብላ።

ልውጣ ልውጣ አልኩ። አልወጣሁም። ፈራሁ፣ ሌላ ስም የለውም። «ወጥቼ ቢሆን ያስሩኝ ነበር» እያልኩ ለዓመታት ራሴን ሳባብል ኖሬያለሁ። ምናልባት ያስሩኝ ነበር። ምናልባት ደግሞ አንድ መስመር ጽፌ እሳቸውን ይዘን እንመለስ ነበር። የእግሯ ኮቴ ራቀ።

አባቷ ከወር በላይ ቆይተው በቃሬዛ መጡ። ቀኝ እጃቸው አይዘረጋም ነበር፣ ቃል ከአፋቸው አይወጣም ነበር። የዚያን ዓመት ጓሳን ደፍሮ የሚጠብቅ ሰው ስላልነበረ ሰው ቀኑ ሳይደርስ ገብቶ አጨደው። አንድ ቀን ጠዋት ሸክም ሣር በደጃቸው ሲያልፍ አይተው «ተከፈተ እንዴ?» አሉ አሉ። ከተመለሱ በኋላ የተናገሩት እሱን ብቻ ነው። ክረምቱ ሳይወጣ ሞቱ። ቀብሩ ላይ ከሰው ሁሉ ኋላ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ቆምኩ። ከዚያም እናቴ አዲስ አበባ አጎቴ ጋ ላኩኝ። እሷ ትምህርቷን አልጨረሰችም።

ባለፈው ጥቅምት ዘመድ ልጠይቅ ስሄድ ሞላሌ ገበያ ላይ አየኋት። ከጓሳ ሣር የተገመደ ገመድ ትሸጣለች። ሣሩ ገና አዲስ ነበር፣ ሽታው ከሩቅ ይጠራል። መሸሽ ፈልጌ ነበር፣ ዕድሜ ልኬን የለመድኩትን። እሷ ቀድማ አየችኝ።

«ምን ትሠራለህ?» አለችኝ፣ ሰላም ከተባባልን በኋላ።

«ጌም።»

«አሁንም?» ፈገግ ያለች መሰለኝ።

«ያንቺን ደንብ ከትቼበታለሁ። ባዶውን ዙር።»

«ስንት አደረግከው?»

«ሦስት። እንዳልሽው።»

ገመዱን በክንዷ ላይ እየጠቀለለች አሰበች። «ያንሳል» አለች። «ልጅ ነበርኩ።»

ያን ጊዜ የያዝኩትን ሁሉ ላወራ ከጀለኝ። «የዚያን ቀን...» አልኩ። ቀና ብላ አየችኝ። የቁጣ ምልክት ፊቷ ላይ አልነበረም፣ ቢኖር ይሻለኝ ነበር። በጣቷ የገመዱን ጥቅል መታ መታ አደረገች።

«ተራህ ነበር» አለች።

የትኛውን ተራ ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። እጄን ኪሴ ከተትኩ፤ ባቄላውን ልመልስላት፣ ቢያንስ እሱን። በጨርቁ ላይ ጨበጥኩት፣ ጣቴ ግን በቀዳዳው አላልፍ አለ። ገበሩን ልቀደው እየታገልኩ ሳለሁ ሌላ ገዢ መጣና ወደ እሱ ዞረች።