ከገንዳው አርባ እርምጃ

ጠዋት ወደ አዲስ አበባ የሚወስደኝን ታክሲ ከመያዜ በፊት፣ ሱሉልታ ከቤታችን በላይ ያለውን የሰፈሩን የውሃ ገንዳ ሳልዞረው የሄድኩበት ቀን የለም። ግድግዳው ላይ፣ ስንጥቁን አቋርጦ በሲሚንቶ የተለጠፈ የጣት ርዝመት ያለው መስታወት አለ። መሬቱ ከተንቀሳቀሰ መጀመሪያ የሚሰበረው እሱ ነው። ባለቤቴ «የእኔን ፊት እንዲህ አይተኸው ታውቃለህ?» ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ ግን ካላየሁት ቀኑን ሙሉ ቢሮ ውስጥ ስቁነጠነጥ እውላለሁ።

ገንዳው የምንጭ ውሃ ያጠራቅማል፤ ሰፈሩ በሙሉ የሚቀዳው ከሱ ነው። ዝቅ ብሎ ካለው ገደል ደግሞ ለግንባታ ሙሌት የሚሆን ገረጋንቲ የሚያወጡ ሰዎች አሉ። ላዩ የግጦሽ መሬት ስለሆነ ከጎን ገብተው እንደ ፍልፈል ወደ ውስጥ ይቆፍራሉ። ገንዳው ስር እንዳይደርሱ ስምምነት ያስፈለገው ለዚህ ነበር፤ የውሃ ኮሚቴው ጸሐፊ ደግሞ እኔ ነኝ።

በእኛ ሰፈር ወሰን የሚረግጠው ሽማግሌ ነው። በዕድሜ ሁላችንንም የሚበልጡትን አባት ለመንናቸው። ከዘራቸውን ይዘው ከገደሉ አፋፍ እስከ ገንዳው ቀስ እያሉ ረገጡ፤ መቶ ሆነ። እኔም «ቆፋሪዎች ስልሳ እርምጃ ይግቡ፤ ከገንዳው አርባ እርምጃ ሳይነካ ይቅር» ብዬ ጻፍኩና ሁላችንም ፈረምን። በጽሑፌ ኮርቼ ሁለት ጊዜ ጮክ ብዬ አነበብኩት።

ክረምቱ ሲያልፍ ግድግዳው ተሰነጠቀ። ግንበኛ ጎረቤቴ መስታወቱን ለጠፈልኝ፤ በሳምንቱ ለሁለት ተሰብሮ አገኘሁት። ሽማግሌውን ምስክር እንዲሆኑኝ ይዤ ወደ ገደሉ ወረድኩ። ቆፋሪዎቹን ውሸታሞች ልላቸው አፌን አሹዬ ነበር።

ዋሻው አፍ ላይ አንድ መለሎ ቆፋሪ ዶማውን አስቀመጠና «አካም ቡልተን፣ አባ» ብሎ በኦሮምኛ የማለዳ ሰላምታ ሽማግሌውን እጅ ነሳ። «ነጋ» ብለው ደህና ማደራቸውን መለሱለት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ስልሳ ተባልን፣ ስልሳ ቆጠርን። እኔው ነኝ የረገጥኩት። አንድም አልጨመርን፤ ከፈለግክ ግባና ቁጠር» አለኝ።

ገባን። ሽማግሌው እንደ ያኔው ከዘራቸውን እያስቀደሙ ረገጡ፤ እኔ በስልኬ እያበራሁ ቆጠርኩ። ስልሳ ስንል ከፊታችን ገና ጨለማ ነበር። ሰባ፣ ሰማንያ። ዘጠና ስድስት ላይ ዋሻው አለቀ፤ አንድ ጠብታ አንገቴ ላይ አረፈ። ቀና ብዬ ለማየት ፈራሁ፤ ከራሳችን በላይ፣ አራት እርምጃ ብቻ ፈቀቅ ብሎ ያለው ገንዳው ነው። ቆፋሪው አልዋሸም። የሱ አንድ እርምጃ ከሽማግሌው አንድ ተኩል ያልፋል።

«ልጄ» አሉኝ ሽማግሌው ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ያን ቀን የጻፍከው እኮ የእኔን እግር ነው።»

አፈርኩ። እሳቸውን ማክበሩን እንጂ ሜትር ይዞ መምጣቱን ማናችንም አላሰብነውም ነበር፤ ጻፍ የተባልኩት ግን እኔ ነኝ።

ቆፋሪዎቹ ሁሉ መውጣታቸውን አይቼ ወደ ላይ ሮጥኩና የገንዳውን ማፍሰሻ ከፈትኩ። በዚያ በጋ፣ ያን ሁሉ ውሃ ሜዳ ላይ ለቀቅኩት። ጄሪካን የደረደሩ ሴቶች ያልሰደቡኝ ስድብ የለም። ከተደረመሰ ገንዳ ባዶ ገንዳ ይሻላል ብላቸው ማን ሰምቶኝ። ኋላ ዋሻው ውስጥ ገብተው ሲያዩ ግን፣ ከቆፋሪዎቹ ጋር ድንጋይ በጆንያ እያመላለሱ የሞሉት እነሱው ናቸው። አርባውንም በሜትር እንደ አዲስ ለካነው። ሽማግሌውን የሜትሩን ጫፍ ይያዙልን ብለን ብንልክባቸው «እግሬን አሞኛል» ብለው ቀሩ።

ገንዳው አሁን የሚሞላው እስከ ግማሹ ብቻ ነው፤ አዲሱ መስታወት እስካሁን ደህና ነው። ጠዋት ስሄድ ታዲያ ጤዛው ላይ ቀድሞኝ የተረገጠ ዱካ አገኛለሁ፤ አጭር አጭር እርምጃ፣ በጎኑ የከዘራ ምልክት። መስታወቱ ጋ ይቆምና ይመለሳል። ማልጄ ሄጄ ባገኛቸው «ጥፋቱ የእኔ ነው» እላቸው ነበር። እስከ ዛሬ ግን ማልጄ አልሄድኩም።