የቄስ ክንፈሚካኤል ጺም

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ጺም ያሳደገ ቄስ ሞልቷል፤ እንደ ቄስ ክንፈሚካኤል ጺም የተወራለት ግን የለም። ከጆሮ ግንዳቸው ጀምሮ ሸብቶ፣ መሃሉ ላይ ጥቁረቱን አልለቅም ብሎ፣ ደረታቸው ድረስ የወረደ ጺም ነበር። ልጆች መስቀል ሊሳለሙ ሲቀርቡ መስቀሉን ትተው ጺሙን ያዩ ነበር። ባለፈው ጥቅምት ያ ጺም ባንድ ቀን ሲጠፋ ከተማው የመሰለውን አወራ። ከተማ ደግሞ ሲያወራ መቼ ባለቤቱን ይጠይቃል።

ነገሩ የጀመረው በእንቅልፍ ነው። ቄሱ ሲተኙ ያንኮራፋሉ። ማንኮራፋት ነውር አይደለም፤ የእሳቸው ግን መሃል ላይ ይቋረጣል። ትንፋሻቸው ጸጥ ይላል፣ ባለቤታቸው እናኑ ጆሮዋን ጥላ ትጠብቃለች፣ "አለቁብኝ" ልትል ስትል ከውሃ እንደወጣ ሰው ተንፈቅፍቀው አየር ይስባሉ። እንዲህ ያደረ ሰው ቀኑን ምን ይሆናል? ያንቀላፋል። ማኅበር ላይ ያንቀላፋሉ፤ ሽምግልና ተቀምጠው ሁለቱ ባላጋራዎች ሲጯጯሁ እሳቸው ያንቀላፋሉ። ሰዉም "እርጅና ነው" እያለ ያልፈው ነበር።

አላልፍ ያለው አንድ ነገር ነው። አንዲት የንስሐ ልጃቸው ለዓመታት አፍና የያዘችውን ልትናዘዝ ከቡሬ ድረስ መጣች። ፊታቸው ተንበርክካ፣ እያለቀሰች፣ የሆዷን ዘርግፋ ቀና ስትል መስቀሉ ጭናቸው ላይ ወድቋል፤ እሳቸው ተኝተዋል። ሴትዮዋ ኃጢአቴ ቢከብዳቸው ነው ፊታቸውን የነሱኝ ብላ ወጣች፤ ከዚያ ወዲህም አልተመለሰችም። ቄሱ ሲነቁ ያገኙት ባዶውን ምንጣፍ ነው።

"ሥጋውን ደሙን ይዤ እንዲህ ብሆንስ?" አሉ ለእናኑ። "እስክድን ድረስ መቅደስ አልገባም።"

ቃላቸውን ጠበቁ። ለደብሩ አለቃ አሞኛል ብለው ቅዳሴውን ለሌሎች ተዉ፤ እሑድ እሑድ ነጠላ ለብሰው ከሕዝቡ ጋር ያስቀድሱ ጀመር። ዕድሜውን ሙሉ ከመጋረጃው ወዲያ የቆመ ሰው ከመጋረጃው ወዲህ ሲቆም ምን እንደሚሰማው ያየ ያውቀዋል።

ልጃቸው ያምሮት ባሕር ዳር ነርስ ናት። ወሰደቻቸው፤ ተመረመሩ። ሐኪሙ፣ ሲተኙ ጉሮሯቸው እየተደፈነ ትንፋሻቸው እንደሚቋረጥ ነገራቸው። መድኃኒቱ ኪኒን አልነበረም፤ አየር በቱቦ እየገፋ ጉሮሮ እንዳይዘጋ የሚያደርግ ማሽን ነው። ቱቦው አፍንጫና አፍ ላይ በሚታሰር ጭምብል ያልቃል። ያምሮት በስንት ሰው ልመና ከውጭ አስመጥታላቸው እሷው ራሷ አልጋቸው ራስጌ አስቀመጠችው።

"ይህ ቢበላሽ ሌላ የሚገኝ እንዳይመስላችሁ" አለች ለሁለቱም፤ ዓይኗ ግን እናቷ ላይ ነበር። ከዚያ አባቷን አስተማረቻቸው። "ጠዋት ሲነሱ ይችን መስኮት ይዩ፣ አባዬ። አየሩ በደንብ ከደረሰዎ አረንጓዴ ፊት ይስቃል። አየር በጎን ካስተነፈሰ ቀይ ሆኖ ፊቱን ያጠቁራል። ከሥሩ ስንት እንዳስተነፈሰ የሚናገር ቁጥር አለ።"

"እነዚህ ቀዳዳዎችስ?" አሉ ጭምብሉን እያገላበጡ። "እነዚህም ያስተነፍሱ የለ?"

"እነሱ ሆን ተብለው የተበሱ ናቸው፤ የተነፈሱት የሚወጣበት። ማሽኑ የነሱን ያውቃል፣ አይቆጥረውም። የሚቆጥር ያለቦታው የሚወጣውን ነው። ጥቂት ቢያስተነፍስ ግድ የለም፤ ከሃያ አራት ካለፈ ግን አየሩ ጉሮሮዎ ሳይደርስ ሜዳ ይቀራል።"

ማሽኑ ሳቀ። አንድ ጠዋት ሳቀ፣ በማግሥቱም ሳቀ። ቄስ ክንፈሚካኤል ተኝቶ መንቃት ምን እንደሆነ ረስተውት ኖሯል፤ የግቢያቸው ባሕር ዛፍ ሳይቀር የታጠበ መሰላቸው። መብራት ካልጠፋ በቀር አንድም ቀን ሳያስሩት አላደሩም። "ለኅዳር ሚካኤል እቀድሳለሁ" አሉ። እናኑ እልል አለች። እሷ ቴሌቪዥኑንም ሬዲዮኑንም በእጇ በሠራችው ዳንቴል የምታለብስ ሴት ናትና ማሽኑንም አለበሰችው። ጥቂት ቆይታ ቱቦውንም ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳንቴል ሠርታ አለበሰችው።

"ለጎማውም ቀሚስ ሰፋሽለት?" ብለው ሳቁባት።

"ይበርደዋል ብዬ ነው" አለች።

በዚያው ሰሞን ማሽኑ ፊቱን አጠቆረ። ቁጥሩ ሃያ አራትን ዘሎ ሄደ። ጭምብሉን አጠበቁት፤ አልሰማ አለ። ላላ አደረጉት፤ ባሰበት። እንቅልፉም ተመለሰና ቀን ላይ እንደ ድሮው ራሳቸው ይወድቅ ጀመር። ኅዳር እየቀረበ ነው። ወደ ያምሮት ደወሉ።

"ጺምዎ ነው፣ አባዬ" አለች። "ጭምብሉ ቆዳ ላይ መለጠፍ አለበት፤ ጺም ካለ በጸጉሩ መሃል ያስተነፍሳል። ሐኪሙንም ጠይቄዋለሁ፤ ጺም ያለው ሰው ይህ ያስቸግረዋል አለኝ።"

"መጀመሪያ ሲስቅ ጺሜ የት ሄዶ ነበር?"

"አድጓላ!"

መልስ አጡ። ሰው መልስ ሲያጣ የተነገረውን ያምናል። ግን የቄስ ጺም እንደ ገብስ የሚታጨድ ነገር አይደለም፤ ስለዚህ አባ ሃይለ ሚካኤል ዘንድ ሄዱ። አባ ሃይለ ሚካኤል ሸምግለው ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን የሚኖሩ አባት ናቸው፤ የቄሱም የእናኑም የንስሐ አባት እሳቸው ናቸው። ነገሩን ሰምተው መቁጠሪያቸውን አንድ ዙር ጨረሱ።

"ለጤና ከሆነ የሚከለክልህ የለም" አሉ በመጨረሻ። "ከመቁረጥህ በፊት ግን እናኑን ጠይቃት።"

"ሚስቴን? ስለ ጺሜ?"

"ጠይቃት አልሁህ።"

ሽማግሌ ያለውን አለ ብለው ቤት ገብተው ጠየቋት። እናኑ ስንዴ እየለቀመች ነበር። ቀና አላለችም።

"አባ ጠይቃት አሉኝ። ቅር ይልሻል?"

"እኔ ጤናዎን ነው የምሻ" አለች። "እንደፈቀዱ።"

ጸጉር አስተካካይ ቤት መግባት አልሆነላቸውም፤ ቄስ በዚያ በር ሲገባ የሚያይ ዓይን ብዙ ነው። ደጃፋቸው ላይ፣ ፀሐይ ሞቅ ሲል፣ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። "አንቺው ቁረጭው" አሏት። እናኑ ነጭ ጨርቅ ደረታቸው ላይ ዘረጋችና መቀሷን አመጣች። ከመሃሉ፣ ከጥቁሩ ጀመረች። አንድ ቦታ ላይ ቆም አለችና እንባዋ አገጫቸው ላይ ጠብ አለ፤ ሙቀቱ ተሰማቸው። ቄስ ክንፈሚካኤል ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ይህች ሴት እንዲህ ትወደኛለች ለካ ብለው አሰቡ። ከተጋባን ጀምሮ እንደ ዛሬ ተወድጄ አላውቅም ብለው እግዚአብሔርን አመሰገኑ። ጺሙን በጨርቁ ጠቅልለው ሣጥን ውስጥ አስቀመጡት።

በማግሥቱ ማሽኑ ፊቱን እንዳጠቆረ ነበር።

ቁጥሩ ትንሽ ዝቅ ብሏል፤ ግን የት ይደርሳል። ያን ዕለት ገበያ ወጥተው ሁለት ሴቶች መስቀል ሳይሳለሙ መንገድ ቀየሩባቸው። አንዱ ጎረቤት ደግሞ ዙሪያ ጥምጥም ሄዶ ሄዶ "መቼም ሃይማኖት የግል ነው" አላቸው። ያን ጊዜ ሰዉ ጺማቸውን የላጩት ሃይማኖት ለውጠው ነው እያለ እንደሆነ ገባቸው። ቤት ተመልሰው ባዶ አገጫቸውን በመዳፋቸው ይዘው ለያምሮት ደወሉ። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርገው አልጋው ላይ አስቀመጡት፤ እናኑ በሩ ላይ ቆማለች።

ያምሮት ቁጥሩን ደግማ ጠየቀች። "ይቅርታ፣ አባዬ" አለች። "ከፊቱ ሥር ጭምብል ተብሎ ስለተጻፈ ጭምብሉን ብቻ ያዝሁ። ማሽኑ እኮ ስንት አየር እንደጎደለ ነው የሚያውቅ፤ ከየት እንደጎደለ አያውቅም። ከቱቦውም ቢያስተነፍስ ያው ቀይ ነው የሚያሳይ። ቱቦውን አይታችሁታል? ማሽኑን ያስነሡና እጅዎን ላዩ ላይ ያስኪዱት።"

"እኔ አየዋለሁ" አለች እናኑ፤ ልጇ ገና ሳትጨርስ ከበሩ መጥታ ቱቦውን አነሣችው። "ዳንቴሉም ቆሽሿል፣ አጥበዋለሁ።"

"ተይው።"

"እርስዎ ይረፉ እንጂ..."

"ተይው አልሁሽ፣ እናኑ።"

ዳንቴሉ ሁለቱም ጫፍ ላይ ተሰፍቷል፤ ድርብርብ ስፌት ነው፣ የሚወልቅ አይደለም። መቀሱን አነሡ፤ ያው ጺማቸው የተቆረጠበትን መቀስ። ስፌቱን ተርትረው ዳንቴሉን ሲገፉት የቁስል ፕላስተር ወጣ፤ ጫፉ ተላቋል። ፕላስተሩን ሲያነሡት ከሥሩ ቱቦው ቀልጦ ተበስቷል። ቀዳዳው ሾጣጣ ነው። የከሰል ካውያ አፍ የት እንዳረፈ ለማወቅ ዐዋቂ ቤት መሄድ አያሻም።

"ያምሮት፣ መልሼ እደውልልሻለሁ" ብለው ስልኩን ዘጉ።

እናኑ መሬት ላይ ተቀመጠች። "ነጭ ቀሚስዎን ስተኩስ ነው" አለች። "ለኅዳር ሚካኤል የሚለብሱትን። ሰው ከውጭ ጠራኝ፤ ካውያውን አልጋው ላይ አቁሜ ወጣሁ። ስመለስ ቱቦው ላይ ተጋድሟል። ልጅቱ ቢበላሽ ሌላ የለም ብላናለች። ፈራሁ። ፕላስተር ለጠፍሁበት፤ የያዘ መስሎኝ ነበር።"

"ጺሜን ስትቆርጪ ታውቂ ነበር?"

እናኑ የተተረተረውን ክር ከመሬት መልቀም ጀመረች።

"እናኑ። መቀሱን ስትይዢ ይህ ቀዳዳ እንዳለ ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር" አለች። "ጺሙም ይሆናል፣ ምናልባት ሁለቱም ይሆናል ብዬ ራሴን አታለልሁ። ለአባ ተናዝዤ ነበር። ንገሪው አሉኝ። ሁለቴ ሄጄ ሁለቴም ንገሪው አሉኝ። አፌ እምቢ አለ።"

ጠይቃት ያሏቸው ለዚህ ኖሯል። ሽማግሌው የንስሐን ምሥጢር ማውጣት አይችሉም፤ የሚችሉትን ያህል በሩን ከፍተውላት ነበር። እሷ ግን ስንዴዋን እየለቀመች "እንደፈቀዱ" አለች።

ካውያው አልነበረም ያቃጠላቸው። ካውያ ከማንም እጅ ይወድቃል። ፕላስተሩም አይደለም፤ የፈራ ሰው ይሸፍናል፣ ይህን ከንስሐ ልጆቻቸው ስንት ጊዜ ሰምተዋል። ያቃጠላቸው ያ እንባ ነው። ተወደድሁ ብለው እግዚአብሔርን ያመሰገኑበት እንባ፣ እውነቱን ይዛ ዝም ያለች ሴት እንባ ኖሯል። ተከድቻለሁ አሉ በልባቸው፤ በገዛ ደጄ፣ በገዛ በርጩማዬ ላይ፣ ዓይኔን በእምነት ጨፍኜ።

እናኑ ተንበረከከች። "ይፍቱኝ" አለች።

ቄስ ክንፈሚካኤል ሌባ ፈትተዋል፤ ድንበር ገፊ ፈትተዋል፤ በሐሰት የማለውን ሁሉ ፈትተዋል። "እግዚአብሔር ይፍታሽ" ማለት ለአፋቸው እንደ ደኅና ዋልሽ ቀላል ነበር። አፋቸውን ከፈቱ። ቃሉ አልወጣም።

"እኔ የንስሐ አባትሽ አይደለሁም" አሉና ወጡ።

ያምሮት ሌላ ቱቦ ካንድ ታካሚ ቤተሰብ ለምና በሚኒባስ ሾፌር ላከች። ቄሱ ራሳቸው ቡሬ ድረስ ሄደው ተቀበሉት፤ ራሳቸውም ገጠሙት። እናኑ ዳንቴል አላለበሰችውም።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ማለዳ ዓይናቸውን ሲገልጡ ማሽኑ ይስቃል። ቁጥሩ ከምንም የማይቆጠር ሆኗል። ራሳቸው ቀሏቸዋል፤ እንቅልፍ የሚባል ነገር ባካባቢያቸው የለም። አልጋው ግርጌ ነጩ ቀሚስ ተተኩሶ፣ ተጣጥፎ ተቀምጧል። እናኑ በሩ ላይ ቆማለች።

"ስቋል?" አለች።

"ስቋል።"

"እንግዲህ ይሂዱ። ደወሉ ሳይደወል።"

ቀሚሱን አዩት። ከመቅደስ ያስቀራቸው እንቅልፍ ነበር፤ እሱ ዛሬ የለም። ግን ቂም የያዘ ሰው ወደ መሠዊያው አይቅረብ እያሉ ስንቱን ያስተማሩ፣ ስንቱን ከደጀ ሰላም ታረቅ ብለው የመለሱ እሳቸው ናቸው። ታርቄያለሁ ቢሉ ማን ይጠይቃቸዋል? ማንም። ደረታቸው ውስጥ ያለውን የሚያሳይ መስኮት አልተሠራም። እሳቸው ግን ያውቁታል። ቀሚሱን አልፈው ነጠላቸውን ከመስቀያው አነሡ።

ያን ዕለት አባ ሃይለ ሚካኤል ከቤተ መቅደሱ በር ሆነው ና ብለው በእጃቸው ጠሯቸው። ቄስ ክንፈሚካኤል ራሳቸውን ነቀነቁ። አጠገባቸው የቆሙ ሰዎች ባዶ አገጫቸውን አይተው "ጺሙ እስኪመለስ አፍረው ነው" ተባባሉ።

አሁን ፋሲካ አልፏል። ጺሙ አገጫቸውን ሸፍኖ ወደ ደረታቸው መውረድ ጀምሯል፤ ጭምብሉን በላዩ ያስሩታል፤ ማሽኑም በየጠዋቱ ይስቃል። እናኑ በየእሑዱ ነጩን ቀሚስ ተኩሳ አልጋው ግርጌ ታስቀምጣለች። እሳቸው ነጠላቸውን ይዘው ይወጣሉ።